በሶ ቋጥረን ዳህላክ የሄድን ጊዜ

የልጅ ልጄ ሕሊና ባለፈው ሳምንት ከዛንዚባር ተመለሰች። ሦስት ጓደኛሞች ሆነው፣ ከቁመታቸው የማይተናነስ ቦርሳ በጀርባቸው አዝለው፣ ሳንቲም እየቆጠቡ ደሴት ለደሴት ሲዞሩ ሰንብተው ነው። ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ከሚኒባስ ወርዳ፣ በባጃጅ ቤት ደርሳ፣ ያንን ቦርሳ ከጎኔ ዘጭ ስታደርገው አንድ ሽታ መጣብኝ። ሽቶ አይደለም፣ ሳሙና አይደለም። ጨው የጠጣ ገመድ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ዛጎል፣ እርጥብ እንጨት፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው። ስልሳ ዓመት ያህል አፍንጫዬ አጠገብ ደርሶ የማያውቅ ሽታ ነው። እሷ ብርዱ ሲይዛት ጋቢዬን ከላዬ ወስዳ እየተጠቀለለች ስለ ውድነቱ ታማርርልኝ ጀመር። አልጋው እሳት ነው፣ ጀልባው እሳት ነው፣ ውሃ እንኳ በገንዘብ ነው፤ ሙዝና ዳቦ በልተን ነው የከረምነው አለችኝ። ሳቄ መጣ። ምን ያስቅሃል አባባ ብትለኝ፣ እኔም በወጣትነቴ በሶ ቋጥሬ ደሴት ሄጃለሁ አልኳት። ጣና መሰላት። ጣና አይደለም፣ የጨው ባሕር ነው ብላት ዓይኗን አጥብባ አየችኝ፤ ሽማግሌ ነገር ሲቀላቅልበት የሚታየውን አስተያየት። ለእሷ የነገርኳትን ነው እንግዲህ እዚህ የማሰፍረው። ጽሕፈቴም እንደ እግሬ ዝግ ያለ ነውና ታገሡኝ።

ዘመኑን በቁጥር አትጠይቁኝ። ደብረ ብርሃን መንገዱን ተከትላ የተሰለፈች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ረድፍ ብቻ የነበረችበት ጊዜ ነው። ዛሬ ፋብሪካ የተኮለኮለበት ሜዳ ያኔ ገብስና በግ ነበር፤ ጠዋት ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ያድርና ፀሐይ ስትነካው ይጨስ ነበር። ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት ባለው ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአምስት ሳንቲም። ባለቤቲቱ የሸክላ ማጫወቻ ስለነበራቸው አንዲት ዘፋኝ ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች፤ ሸክላው ተጭሮ ስለነበር አንዲት ቃል ላይ ስትደርስ ትደናቀፍና ባለቤቲቱ በጣታቸው ገፋ ያደርጓታል። ያቺን ቃል ዛሬም ስሰማ እዚያች ጋ የምትደናቀፍ ይመስለኛል። እኔ ያን ጥግ ይዤ በርኖስ እሰፋ ነበር። ዳዊቱን ሳልጨርስ ከአባቴ እጅ ያመለጥኩ ስለሆንኩ እንጀራዬ መርፌ ሆነ። መርፌ መያዝ ያስተማረኝ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ጥላሁን ነው።

አባታችን መምሬ አጥናፌ አንኮበር ቄስ ነበሩ። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች እሳቸው ናቸው እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉን። ጥላሁን ዲያቆን ነበር፤ ድምፁ ያማረ፣ ነገ የአባቱን ቦታ ይይዛል እየተባለ የሚታይ። እሱም አንድ ቀን ከዚያችው ሻይ ቤት ፊት ለፊት በጭነት መኪና ተሳፍሮ ወደ ሰሜን ሄደ። ሥራ ፍለጋ ነው አለ። መጀመሪያ ከአሥመራ፣ ቀጥሎ ከምጽዋ ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ደብዳቤው ቆመ። አምስት ዓመት አለፈ። አንድ ሾፌር ብቻ፣ ከምጽዋ ማዶ ደሴት ላይ ሸራ ሲሰፋ አይተውታል የሚል ወሬ ይዞ መጣ። ያን ዓመት ጥምቀት አልፎ ታቦት በገባ በሳምንቱ አባቴ ጠሩኝ። ጉልበታቸው ከድቷቸው ነበር፤ ቅዳሴ ሲቆሙ መቋሚያውን በሁለት እጃቸው ነው የሚይዙት። «ወርቁ፣ ሂድና ወንድምህን አምጣልኝ» አሉኝ። «አልመጣም ካለ እውነቱን አምጣልኝ። ደስ የሚለኝን አላልኩህም፤ እውነቱን።» ዐቢይ ጾም ሳይገባ እንድመለስም አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስልቻዬ ይልቅ የከበደኝ ይኸው ቃላቸው ነው።

ሙሄ ካልተከተልኩህ አለ። ሙሄ የአልዩ አምባ ልጅ ነው። አባቱ በርበሬና ጥጥ በአህያ ጭነው ሽቅብ ወደ አንኮበር ሲወጡ እኛ ቤት ያርፉ ስለነበር አብረን ነው ያደግነው። የሱ ምክንያት ሌላ ነው። አጎቱ ሐጅ ሲሄዱ በምጽዋ አልፈው ኖሮ የባሕሩን ነገር አውርተው አይጠግቡም፤ ሙሄም ባሕር ሳላይ ሚስት አላገባም ብሎ ተነሣ። ከቁርአን ቤት የለቀማት አረብኛም ነበረችው። ወላሂ ካለኔ እዚያ ውሃ ለምነህ አትጠጣም አለኝ፤ ልክ ነበር። ስንቃችን ሁለት ስልቻ በሶ፣ አንድ ስልቻ ቆሎ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጨውና በርበሬ። ልብሳችን ለእኔ ካኪ ቁምጣና ሸራ ጫማ፣ ለሱ ሽርጥ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ሁለት ወፋፍራም የበግ ጠጉር ባና። ምጽዋ ሙቀት ነው ያለን ሰው ሞልቶ ነበር። ግን የደብረ ብርሃን ሰው ባና ሳይዝ ከቤቱ ይወጣል? የትም አገር ቢሆን ሲመሽ መብረዱ መቼ ይቀራል ብለን ነው። ገንዘባችን ሁለታችንም አንድ ላይ ሠላሳ ብር አትሞላም፤ እሷን ሙሄ ሽርጡ ጫፍ ላይ ሰፍቶ ያዛት።

ከእነዋሪ የመጣ ስንዴ በጫነ፣ ትሬንታ ኳትሮ በሚሉት የጭነት መኪና ላይ ተሰቀልን። ረዳቱ እስከ ደሴ ሦስት ብር ቢል ተከራክረን በሁለት ብር ከስሙኒ ወጣን፤ ስሙኒዋ የምንጨብጣት ገመድ ዋጋ ናት አለ ሙሄ። ጣርማ በር፣ ከዋሻው አፍ ስንደርስ ሾፌሩ ሞተሩን ሊያበርድ አቆመ። ከዚያ ቦታ ቁልቁል ማየት ከልጅነቴ እወዳለሁ። ጠዋት ከሆነ ጉሙ ቆላውን ጢም ብሎ ሞልቶት፣ የኮረብታዎቹ አናት ብቻ እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ደሴት ምን እንደሚመስል መጀመሪያ ያወቅሁት እዚያ ነው ብል አልዋሸሁም። በኋላ ባሕሩን ሳየው መልኩ ያልገረመኝ ለዚህ ነው፤ የገረመኝ ድምፁ ነው። ጉም ድምፅ የለውም። ዛሬም ልጆቹ በመኪና ወደ ደብረ ሲና ሲወስዱኝ እዚያች ጋ አቁሙልኝ እላለሁ። ምን ታያለህ ይሉኛል፤ ምንም እላቸዋለሁ።

መንገዱን ሁሉ አልተርክም። ደሴ፣ መቀሌ፣ አሥመራ፣ በጭነት ላይ ስምንት ቀን ነው፤ በደረስንበት ከመኪናው ሥር ባናችንን አንጥፈን እናርፋለን። አሥመራ ላይ አንድ ሱቅ መስኮት ውስጥ ነጭ የቆዳ ጫማ አይተን ብዙ ቆምን፤ እኔ ዋጋውን ሳነብለት ሙሄ ለአንድ እግር ነው ወይስ ለሁለቱ አለኝ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። መኪናው በወረደ ቁጥር ሙሄ አንድ አንድ ልብስ ያወልቃል፤ ምጽዋ ስንገባ ያቺ ገንዘብ የተሰፋባት ሽርጥ ብቻ ቀርታዋለች።

ምጽዋ ጥርና የካቲት ብርዷ ነው ይላሉ። ብርዷ ያ ከሆነ ሙቀቷን አላህ አያሳየን አለ ሙሄ። ሰዉ በገመድ የተጠለፈ አልጋ ደጅ አውጥቶ ነው የሚተኛ፤ እንግዳ ከሆንክ አንዷን አልጋ ሽልንግ ያስከፍሉሃል። ሻዩ ከእኛ አገር እጥፍ፣ ዳቦው እጥፍ። ውሃ በቆርቆሮ ጣሳ እየተለካ ይሸጣል። ሙሄን ከሁሉ ያስደነቀው ግን በረዶ መሸጡ ነው። አንድ ሰውዬ በጆንያ የተጠቀለለ በረዶ በጋሪ እየገፋ፣ በመጋዝ እየቆረጠ፣ የጡጫ ያህሏን በአሥር ሳንቲም ይሰጣል። ሙሄ ጋሪውን ሲከተል ቆየና «ወርቁ፣ ውርጩን በእግራችን እየረገጥን ነው የኖርነው፤ ሀብታሞች ነን ለካ» አለኝ። አንዲት ገዝተን እየተቀባበልን መጠጥናት፤ እጃችን ላይ አለቀች። ባናችንን ያየ ሁሉ ይስቅብናል። የወደቡ ተሸካሚዎች በአረብኛ አንድ ነገር ሲሉን፣ ሙሄ ሰላምታ ነው እያለ እጅ ይነሣላቸው ነበር። በጎቹ መጡ ማለታቸው እንደሆነ ከሁለት ቀን በኋላ ነው የነገረኝ።

ወደ ዳህላክ ደሴቶች የምትሄድ ሸራ ያላት የእንጨት ጀልባ አገኘን፤ ዱቄት አድርሳ ዛጎል ይዛ የምትመለስ። አዛዧን ናኹዳ ይሉታል፤ ጥርሱ የረገፈ፣ ጺሙ በሂና የቀላ ሽማግሌ ነው። አሥር ብር ክፈሉ አለን። አሥር ብር ከከፈልን አገራችን የምንመለሰው በእግራችን ነው። ሙሄ ቢለምን፣ ቢማጠን፣ የአጎቱን ሐጅ ቢያነሣ ፍንክች አላለም። ዓይኑ ግን ባናዬ ላይ ማረፉን አየሁ። መጣና ዳሰሰው፣ ጠጉሩን አሸተተው። በኋላ እንደገባን ባሕር ላይ የሚኖር ሰው የጠዋቱ ጤዛ አጥንቱ ድረስ ነው የሚገባው። አንዱን ባና ሰጥተነው ለመሄጃም ለመመለሻም ተስማማን። ናኹዳው ባናውን እንደ ካባ ደርቦ መሪው ላይ ሲቀመጥ፣ ሲስቁብን የሰነበቱት የወደብ ሰዎች ጸጥ አሉ።

እነዚያን ቀናት ዛሬ ሳስባቸው ያየኋቸው ይሁን ያለምኳቸው እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃው እስከ ሥሩ ድረስ ይታያል። ጀልባዋ አየር ላይ የተንጠለጠለች ትመስላለች፤ ጥላዋ ታች አሸዋው ላይ ይከተላታል። አንዳንዷ ደሴት ከአንድ የገብስ ማሳ አትበልጥም፤ ሰው የላትም፣ ዛፍ የላትም፣ ነጭ ወፎች ብቻ ተኮልኩለውባታል። ነፋስ ሲጠፋ ናኹዳው ሸራውን ያጥፍና ዝም ብለን እንንሳፈፋለን፤ ማንም አይቸኩልም። እኔ ግን ጾሙ እየቀረበ እንደሆነ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ ባገኘው ምን እለዋለሁ፣ ባጣውስ ለአባቴ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ።

በሶው ደግሞ ጉድ ሠራን። ለመንገደኛ ከበሶ የተሻለ ስንቅ የለም፤ እሳት አይፈልግ፣ ድስት አይፈልግ፣ ውሃ ብቻ ነው። ይህችን «ውሃ ብቻ» ያላሰብናት እኛ ነን። ደጋ ያደገ ሰው ውሃና ዋጋን አንድ ላይ አያስባቸውም። ደሴቶቹ ላይ ያለው ውሃ በድሮ ዘመን ሰዎች ድንጋይ ተፈልፍሎ በተሠራ ጉድጓድ የሚጠራቀም የዝናብ ውሃ ነው፤ ያን ዓመት ዝናቡ አንሶ ጭቃው ላይ ደርሷል። አንድ ጣሳ ስሙኒ። ሁለት ሰው በሶ በጥብጦ ለመጥገብ ሁለት ጣሳ ይፈልጋል፤ በሁለት ስሙኒ ምጽዋ ላይ ዋና ምሳ ይበላል። በነጻ የመጣው በሶ ከሁሉ የተወደደ ምግብ ሆነ። ሙሄ አንድ ቀን ዘዴ ብሎ በባሕር ውሃ አሸው። ጨው አልጨመርኩበትም፣ አስቤበታለሁ አለኝ። ሦስት ጉርሻ ከበላ በኋላ ቀኑን ሙሉ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ ናኹዳው እየሳቀ ከራሱ በርሜል አንድ ጣሳ በነጻ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ በሶውን በደረቁ ነው የምንቅመው፤ ስናወራ ከአፋችን አቧራ ይወጣል። ሕሊና ይህን ስነግራት ነው ያመነችኝ።

በሁለት ደሴት ጠይቀን አጣነው። በሦስተኛዪቱ ሙሄ፣ ሸራ የሚሰፋ የደጋ ሰው እዚህ አለ ወይ ብሎ በአረብኛ ሲጠይቅ አንድ ሽማግሌ በከዘራው ወደ ዳርቻው አመለከተን። አሸዋ ላይ የተዘረጋ ሸራ መሐል አንድ ሰው አጎንብሶ ተቀምጧል። ፊቱን ሳላይ በክንዱ አወቅሁት። ክሩን ሲስብ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ እስከ ጆሮው ያደርሳታል፤ በርኖስ እንደዚያ ነው የሚሰፋ፣ እኔንም ያስተማረኝ እንደዚያ ነው። «ጋሼ» አልኩ። ቀና አለ። ጠቁሯል፣ ጢም አብቅሏል። ተቃቅፈን ስንላቀቅ መጀመሪያ የጠየቀኝ አባዬ አሉ ወይ ብሎ ነው። አሉ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠየቀኝ። አሉ አልኩት። ና ብለውሃል፣ ይዤህ ልሂድ ነው የመጣሁት ስለው፣ መጀመሪያ እረፉ፣ ነገ እንነጋገራለን አለኝ። ቤት አለው፤ በባሕር ድንጋይ የተሠራች፣ በሰሌን የተከደነች። ሚስት አለችው፤ ሻሿን ሳብ አድርጋ በእጇ ሰላም አለችንና ውሃ ሰጠችን፣ ያንን ውሃ፣ ጣሳውን ጢም አድርጋ። ከኋላዋ አንዲት ሕፃን ብቅ እያለች ታየናለች።

በማግስቱ ፍየል አመጣ። እዚህ ላይ ልማዳችንን ለማያውቅ ልጅ ላስረዳ። ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን። ጠብ የለበትም። የሙሄ አባት በበዓል እኛ ቤት ሲመጡ አባቴ በጉን ከነነፍሱ ይሰጧቸዋል፤ እሳቸው ጓሮ አርደው በራሳቸው ድስት ይቀቅሉና ሁሉም በየሳህኑ፣ ግን አንድ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ ይጫወታል። እኛም አልዩ አምባ ስንወርድ እንዲሁ ነው። እኔና ሙሄ ቆሎ ከአንድ እፍኝ እየዘገንን አድገን፣ ሥጋ ከአንድ ሳህን በልተን አናውቅም። ስለዚህ ጥላሁን አንዷን ለሙሄ ሰጥቶ፣ ለእኔና ለራሱ ሌላ ያርዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቢላዋውን ለሙሄ ሰጠው። ሙሄ ቢስሚላህ ብሎ አረደ። ሁለተኛ ፍየል አልመጣም። ፍየል ተወዶ ነው አልኩ በልቤ፤ ሁሉ ነገር ውድ አይደል።

ገበታው ቀረበ። ሙሄ ፊት ፍየሉ በሩዝ ላይ፣ እኔ ፊት አንድ ትልቅ የተጠበሰ አሳ። «አሳ ማንም አያርደውም፤ ብላ» አለኝ ጥላሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱ በመሐላችን ተቀመጠ። ዓይኔ ከእጁ አልነቀል አለ። ምን እንደማይ እሱም ያውቃል፣ ሙሄም ያውቃል። እጁ ወደ አሳው መጣች። ከእኔ ጋር በላ። አንድ ነገር ከደረቴ ላይ የወረደልኝ ያህል ሆነ። ሙሄም ቀልዱ መለስ አለለት፤ አራጅ ከሌለውማ እኔም አለሁበት ብሎ እጁን ወደ ሳህኔ ሰደደ፣ ነፍስ የነበረውን ነገር ከአንድ ሳህን ስንበላ ያ መጀመሪያችን ነው። ያን ጊዜ ልጅቱ መጣች። አባቷ ጭን ላይ ወጥታ አፏን ከፈተች። ጥላሁን ወሬውን ሳያቋርጥ ከፍየሉ አንድ ቁራጭ አነሣ፤ ለልጅ እንዳይጠነክር በጥርሱ አላላው፣ ግማሹን ራሱ ዋጠው፣ ግማሹን አጎረሳት። ጣቱን ላሰ። ከዚያ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

 ልጅቱ ደግማ አፏን ከፈተች።

ፀሐይ ዘንበል ስትል እኔና እሱ ብቻችንን በዳርቻው ሄድን። ሳልጠይቀው ነገረኝ። በመጣ በዓመቱ ንዳድ ጥሎት ነበር። እነዚህ ሰዎች፣ የሚጠጡት ውሃ ያነሳቸው ሰዎች፣ ሁለት ወር ሙሉ ግንባሩን በውሃ እያራሱ አዳኑት። ከዳነ በኋላ ልጃቸውን ወደደ፣ ሃይማኖታቸውንም ያዘ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም፣ እኔው ነኝ አለኝ።

«አባዬ እውነቱን አምጣልኝ ብለውኛል» አልኩት።

«እንግዲያ ውሰድላቸው።»

«ይገድላቸዋል እኮ ጋሼ።»

ውሃው መጥቶ እግራችንን ነክቶ ተመለሰ። «እኔስ ብመጣ በየትኛው በር ነው የምገባው?» አለኝ። «የቤተ ክርስቲያኑን በር አልገባበት። የቤታቸውን በር ብገባበት ሰበካው ምን ይላቸዋል? ሂድና ንገራቸው። ስትነግራቸው ግን የሃይማኖቱን ነገር ብቻ ነጥለህ አትንገራቸው። ልጅቱንም ንገራቸው።»

ሦስት ቀን ተቀመጥን። ቀን ቀን ሸራውን አብሬው ሰፋሁ፤ ሁለታችንም ክሩን እስከ ጆሯችን እየሳብን። ናኹዳው ዛጎሉን ጭኖ ሲጣራ ጥላሁን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሸኘን። ልጅቱ ትከሻው ላይ ነበረች። እጅሽን አወዛውዢ ሲላት አወዛወዘች፤ ጀልባዋ ርቃም እጇ አልቆመም ነበር።

በመመለሻው ሙሄ ብዙ አይቀልድም። በአንዷ ባና ለሁለት ተጠቅልለን ጭነት ላይ ተቀምጠን፣ «እኔ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር» አለኝ፣ «የመምሬን ፊት ሳስብ ግን አልቻልኩም።» ከዚያ መልስ ማዘጋጀት ያዝን። እሱ አባቴን ሆኖ ይጠይቀኛል፣ እኔ እመልሳለሁ። ደህና ነው? ደህና ነው። ለምን አልመጣም? ሥራ ይዞት። መቼ ይመጣል? ለፋሲካ ይሆናል። ይጸልያል? እዚህች ላይ ስቆምበት ሙሄ ይጸልያል በል እንጂ፣ ይቺስ ውሸት አይደለችም አለኝ። ደብረ ብርሃን እስክንገባ ያልተለማመድነው ጥያቄ አልቀረም። ሻይ ቤቷ ጋ ስንወርድ ከገንዘባችን ስሙኒ ተርፋን ነበር፤ ሻይ ከነቦምቦሊኖው ጠጥተንባት በእግራችን ወደ አንኮበር ወጣን።

ጾሙ ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። አባቴ ደጃፍ፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጎረቤት ተሰብስቦ ስለ ባሕሩ ይጠይቀኛል። ብቻዬን መመለሴን ግን አባቴ ከሩቅ አይተውታል። ሰዉ ሁሉ ሄዶ፣ ሙሄም ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ወርዶ፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። ደህና ነው ወይ አላሉኝም። ለምን አልመጣም አላሉኝም።

«ምን አበላህ?» አሉኝ።

 «አሳ» አልኩ።

«ለሙሄስ?»

«ፍየል።»

«ማን አረደው?»

«ሙሄ።»

«ለአንተና ለወንድምህ ሌላ አልታረደም?»

«አልታረደም አባዬ።»

መሬቱን በመቋሚያቸው ጫሩ። «ጥላሁን ከየትኛው በላ?»

ከእኔ ጋር ከአሳው በላ አልኩ። እውነት ነው። ትንፋሻቸው ሲመለስ ሰማሁት፤ እጃቸው መቋሚያው ላይ ላላ አለች። እዚያ ላይ ማቆም እችል ነበር። ከዚህ ወዲያ የሚጠይቁኝ ነገር አልነበረም፤ ከተናገርኩትም ውስጥ አንዲት ውሸት የለባትም። ግን እንዲያ ደስ ብሏቸው ሳያቸው ነው ዝም ማለት ያላስቻለኝ። ደስ የሚለኝን አላልኩህም ብለውኝ ነበር። «አባዬ፣ በኋላ ከፍየሉ አነሣ» አልኩ። «አላልቶ ለልጁ አጎረሳት። ራሱም ዋጠው።»

 «ልጅ አለችው?» አሉ።

«አለችው። ሦስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ግንባሯ የእማዬን ነው።»

ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ፀሐይዋ ግድግዳውን ለቃ እስክትሄድ እንደዚያው ሆነው ተቀመጡ። ራት አልበሉም። ገደልኳቸው ብዬ ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ በድምፃቸው ነቃሁ። ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በጓዳው በኩል ወደ ምሥራቅ ቆመው ይጸልያሉ። ጸሎታቸው ማብቂያ ላይ የቤተሰቡን የክርስትና ስም አንድ በአንድ ያነሣሉ፤ መጀመሪያ የሞቱትን፣ ቀጥሎ በሕይወት ያለነውን፣ በዕድሜያችን ተራ። ዛሬ ያልፉታል ወይስ ይጠሩታል እያልኩ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። አባታቸውን አነሡ። እናታቸውን አነሡ። እናቴን አነሡ። የጥላሁን ተራ ሲደርስ ቆሙ።  ከዚያ «ገብረ መድኅን» አሉ፣ የክርስትና ስሙ ነው፤ ቀጥለው የእኔን ጠሩ። ይህም ተጠርቶ ጸሎቱ ግን አልተዘጋም። እግራቸውን እየጎተቱ ወደ መኝታዬ ሲመጡ ሰማሁ። የተኛሁ መሰልኩ። «እንዳልተኛህ አውቃለሁ» አሉኝ፣ «የልጅቱ ስም ማን ነው?»

«ዘሃራ» አልኳቸው።

ተመልሰው ሄዱ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ፣ ያቆሙበትን ቦታ ፈልገው አገኙና፣ ከስሜ ቀጥለው ዘሃራ አሉ።